የውድድር መኪና ዋጋ በአንድ ቁጥር አይገለጽም፦ ግልጽ ደብዳቤ ለዋጋ መመሪያ አዘጋጆች

ለ፦ የድሮ መኪኖች የዋጋ መመሪያ ለምታዘጋጁና ለምታሳትሙ ሁሉ
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ ለድሮ የውድድር መኪኖች የምታወጡት ዋጋ ምን ያህል እንደሚታመን ይመለከታል

ክቡራን አዘጋጆች፣

የምጽፍላችሁ ከእንግሊዝ አገር ነው። የድሮ የውድድር መኪና በሚያድስ ጋራዥ ውስጥ እሠራለሁ። መመሪያችሁ ከእጃችን አይጠፋም። ደንበኛ ይዞት ይመጣል። የኢንሹራንስ ሰው ከእሱ ላይ ቁጥር ይጠቅሳል። ውርስ የሚካፈል ቤተሰብም መጀመሪያ የሚገልጠው እሱን ነው።

ለተራው የድሮ መኪና ሥራችሁን አከብራለሁ። ፎልክስዋገን ቢትል ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። ኤምጂቢ የሚባለው የእንግሊዝ ስፖርት መኪናም ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ነው። እነዚህ በየሳምንቱ ሲሸጡና ሲገዙ ይውላሉ። አንዱ ከሌላው ብዙም አይለይም። ስለዚህ አማካይ ዋጋ ማውጣት ይቻላል፤ እናንተም በደንብ ታወጡታላችሁ። ቅሬታዬ ያለው የውድድር መኪኖቹ ገጽ ላይ ነው። እዚያም በተመሳሳይ ሠንጠረዥ፣ በተመሳሳይ ፊደል፣ በተመሳሳይ ልበ ሙሉነት አንድ ቁጥር ታስቀምጣላችሁ። ያ ቁጥር ግን ከቢትሉ ቁጥር ጋር ጨርሶ አይገናኝም። አንባቢው ይህን የሚያውቅበት ምንም ምልክት አላደረጋችሁለትም።

የደብዳቤውን እንግሊዝኛ ለየአድራሻችሁ ልኬያለሁ። በአማርኛም የማወጣው አሜሪካና አውሮፓ ካሉ ወገኖቼ ስልክ ስለሚደወልልኝ ነው። ጥሩ ሠርተው፣ ገንዘብ ቋጥረው፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚመኙትን መኪና ሊገዙ የተነሱ ናቸው። ጥያቄያቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «መጽሐፉ ይህን ያህል ይላል፣ ሰውየው ደግሞ ከዚያ በታች እየጠየቀ ነው፣ ልግዛው?» ለእነሱ የምመልሰውን ነው ለእናንተም የምጽፈው።

ፌራሪ 250 ጂቲኦን እንውሰድ። ከ1962 እስከ 1964 የተሠራው 36 ብቻ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የዚህን መኪና ያህል ዋጋው የተወራለት ጥቂት ነው። በአደባባይ ጨረታ ሲሸጥ ያየንበት ጊዜ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። በ2014 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንዱ 38.1 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። በ2018 እዚያው ካሊፎርኒያ፣ ሞንተሬይ ላይ፣ ሌላው 48.4 ሚሊዮን አወጣ። በ2023 ደግሞ ኒውዮርክ ውስጥ ሦስተኛው በ51.7 ሚሊዮን ተሸጠ። ሦስቱን ነጥቦች በመስመር ካገናኛችኋቸው ዋጋው ሽቅብ ብቻ የሚሄድ ይመስላል። ይህን መስመር ስንት ቦታ ተስሎ አይተነዋል!

ችግሩ ሦስቱ ነጥቦች ሦስት የተለያዩ መኪኖች መሆናቸው ነው። የ2014ቱ በ1962 ፓሪስ አጠገብ ሞንትሌሪ ላይ ተጋጭቶ ነጂው ኦንሪ ኦሬዬ የሞተበት ነው። ከዚያ ተጠገነ። በ1965 የገዛው ጣሊያናዊ ሰብሳቢም እስኪሞት ድረስ ከእጁ አላወጣውም። የ2018ቱ በ1962 የጣሊያንን የጂቲ ሻምፒዮና ያሸነፈ ነው፤ በ1964 ግን ቦዲው ተነስቶ በአዲሱ ቅርጽ ተሠርቶለታል። የ2023ቱ ሲሠራ ባለ 4 ሊትር ሞተር ነበር። ፌራሪ ራሱ በ1962 «ለ ማን» በሚባለው የፈረንሳይ የ24 ሰዓት ውድድር ላይ አሰልፎታል። በኋላ ባለ 3 ሊትር ሞተር ገባለት። አንዱ ሰው ሞቶበታል፣ አንዱ ቦዲው ተቀይሯል፣ አንዱ ሞተሩ ተቀይሯል። የእነዚህ አማካይ ዋጋ የማን ዋጋ ነው?

ደግሞ የ2023ቱ ጨረታ ሲታወጅ ከ60 ሚሊዮን በላይ ያወጣል ተብሎ ነበር። በ51.7 ተሸጠ። ከ2018ቱ ጋር ያስተያየው «ዋጋው ጨመረ» ይላል። ከተጠበቀው ጋር ያስተያየው «ዋጋው ወረደ» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ሠንጠረዡ ላይ ግን የሚገባው አንዱ ብቻ ነው።

በግል የሚሸጡትስ? በ2018 አንድ ጂቲኦ በ70 ሚሊዮን ዶላር በግል ተሸጠ ተብሎ በዓለም ሁሉ ተወራ። በ1964 የቱር ደ ፍራንስን የመኪና ውድድር ያሸነፈው ነው። ውሉን ለሕዝብ ያሳየ ግን የለም። ከእናንተ መካከል እንዲህ ያለውን ወሬ ቁጥር ውስጥ የሚያስገባ አለ፣ የማያስገባም አለ። የትኛው የትኛው እንደሆነ እኛ አንባቢዎች በምን እንወቀው?

አሁን የ2018ቱን 48.4 ሚሊዮን ጠጋ ብለን እንየው። አጫራቹ መዶሻውን የመታው 44 ሚሊዮን ላይ ነው። የቀረው 4.4 ሚሊዮን ገዢው ለአጫራች ቤቱ የጨመረው ኮሚሽን ነው። የመጀመሪያው 250 ሺህ ዶላር ላይ 12 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ባለው ላይ 10 በመቶ። ደምሩት፣ ሳንቲም አይጎድልም። ይህ ገንዘብ ሻጩ ኪስ አይገባም። እንግዲህ ለገዢው መኪናው 48.4 ሚሊዮን ነው፤ ለሻጩ ቢበዛ 44 ነው። መኪናውን ሊሸጥ ያሰበ ሰው መጽሐፋችሁን ሲያይ ግን 48.4ን እንደሚቀበል ያስባል። በአነስተኛ መኪና ላይ ይህ ልዩነት ይብሳል፤ ምክንያቱም ኮሚሽኑ በመቶኛ ከፍ ያለው ዝቅተኛው ዋጋ ላይ ነው። የሃምሳ ሺህ መኪና የሚሸጥ ሰው ልዩነቷ ታስፈልገዋለች።

ያልተሸጡትም ነገር አለ። በጃንዋሪ 2025 ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ ፖርሽ 917 ጨረታ ላይ ቀረበ። እስከ 25 ሚሊዮን ዶላር ተጠራለት። ባለቤቱ አልሸጥም አለ፤ መኪናው ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከዚያ በፊት በ2017 ሌላ 917 በ14 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጦ ነበር። ታዲያ የ917 ዋጋ ስንት ነው ልትሉን ነው? የተሸጠውን ብቻ ከቆጠራችሁ 14 ነው፤ በ2017 የነበረ 14። የተጠራውን ከቆጠራችሁ 25 ነው። ግን በብዙ ቦታ ሻጩ ካስቀመጠው የመጨረሻ ወለል በታች አጫራቹ ራሱ ለሻጩ ሆኖ ዋጋ እየጠራ እንዲያስኬድ ይፈቀድለታል። ስለዚህ ያልተሸጠ መኪና ላይ የተሰማው የመጨረሻ ቁጥር ሊከፍል የተዘጋጀ ሰው የጠራው ላይሆን ይችላል። ይህን በዚህ ሥራ ያለ ሁሉ ያውቃል። መጽሐፉን የሚገዛው ሰው ግን አያውቅም።

በኦገስት 2019 ሞንተሬይ ላይ የሆነውንም እናንተው አዳራሹ ውስጥ ሆናችሁ አይታችኋል። ፖርሽ ታይፕ 64 ነው የቀረበው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ታቅዶ ለነበረው የበርሊን–ሮም ውድድር ተብሎ የተነደፈው። 13 ሚሊዮን ተብሎ የተጠራው ስክሪኑ ላይ 30 ሚሊዮን ሆኖ ወጣ። 14 የተባለው 40 ሆነ። እንዲህ እያለ 70 ሚሊዮን ደረሰ። ሰው አጨበጨበ፣ ስልኩን አወጣ፣ ቀረጸ። ከዚያ አጫራቹ 70 ሳይሆን 17 ነው ብሎ አረመ። አዳራሹ በጩኸት ተሞላ፤ መኪናውም ሳይሸጥ ቀረ። በዚያች ጥቂት ደቂቃ ውስጥ 70 ሚሊዮንን አምኖ የተቀበለው ሰው ከዚህ ሥራ ጋር የኖረ ሰው ነበር። ያ አዳራሽ በሙሉ ለአፍታ እንኳ ልክ መስሎት ከተቀበለ፣ ዋጋውን የሚለካበት የታወቀ ሚዛን አልነበረውም ማለት ነው። የእናንተ ሠንጠረዥም የሚቆመው በዚሁ ገበያ ላይ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን መኪናው ራሱ ማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው። የውድድር መኪና ይጋጫል። ሞተር ይፈነዳበታል። ካምቢዮ ይቀየርለታል። ቡድኑ ገንዘብ ሲያጥረው ከሁለት መኪና አንድ ይሠራል። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ደግሞ ከአንዱ መኪና የተረፈ ሻንሲ (መኪናው የሚቆምበት የብረት አጽም) እዚህ፣ የተረፈ ሞተር እዚያ ይገኝና ሁለት ሰዎች አንድ ቁጥር ያለው መኪና ይዘው ይቆማሉ። በ1990 ለንደን ውስጥ ፍርድ ቤት የደረሰውን የቤንትሌይ ጉዳይ አስታውሱ። «ኦልድ ነምበር ዋን» የሚባለው፣ በ1929 እና በ1930 ለ ማንን ያሸነፈው መኪና ነው። የተስማሙበት ዋጋ 10 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። ከዚያ እውነት ያ መኪና ነው ወይስ አይደለም የሚል ክርክር ተነሳ። ከ1929ኙ ብረት የቀረው ጥቂት ነበር። ዳኛው መኪናው ሳይቋረጥ እየተለወጠ እንደኖረ አይቶ ስሙ ይገባዋል ብሎ ፈረደ። በሌላ ቃል፣ 10 ሚሊዮኑ ያረፈው ብረቱ ላይ ሳይሆን ታሪኩ ላይ ነው። በቅርቡም በ2017 በ44 ሚሊዮን ዶላር የተሸጠ ጂቲኦ ገዢና ሻጭ በመጀመሪያው ካምቢዮ ምክንያት ተካሰው እስከ ይግባኝ ፍርድ ቤት ሄደዋል። በአንድ ካምቢዮ!

እኛ ጋራዥ መኪና ሲገባ ቀለሙን አይደለም መጀመሪያ የምናየው። ሻንሲው ላይ የተመታውን ቁጥር ነው። ባትሪ በጎን እናበራለን፤ ከፊት ካበራችሁት ብርሃኑ ሁሉንም ያስተካክለዋል። ድሮ ቁጥሮቹ አንድ በአንድ በመዶሻ ስለሚመቱ ቀጥ ብለው አይሰለፉም። አንዱ ዘንበል ይላል፣ አንዱ ይጠልቃል። እያንዳንዱ ፋብሪካ የሚመታበት የቁጥር ቅርጽ ስለሚታወቅ፣ የ7ቷ ጭራ ወይም የ3ቷ ጀርባ ብቻ ብዙ ይናገራል። ከዚያ ዙሪያውን በጣት እንዳብሳለን። ተሞርዶ እንደገና የተመታ ከሆነ ብረቱ እዚያች ቦታ ላይ ሰርጎድ ይላል፤ ዓይን ሳያየው ጣት ያገኘዋል። ቀጥሎ ብየዳው ይታያል፣ ኮፋኖው ሥር የቀረው የድሮ ቀለም ይታያል፣ ሊብሬውና የውድድር ወረቀቱ ይነበባል። ይህ ሁሉ ቀናት ይወስዳል። ውጤቱ ግን ዋጋውን እጥፍ ያደርገዋል ወይም ግማሹን ይበላዋል። መመሪያችሁ ይህን ሁሉ «በጣም ጥሩ»፣ «ጥሩ»፣ «ደህና» በሚሉ የይዞታ ደረጃዎች ለመተካት ይሞክራል። ደረጃዎቹ የሚለኩት የመኪናውን ንጽህና ነው። ትናንት አልቆ የወጣ ቅጂ ከማንም ይበልጥ ንጹህ ነው። በ1962 የተመታ ላሜራው ሳይቃና የቀረ እውነተኛ መኪና ደግሞ በእናንተ አቆጣጠር ሦስተኛ ደረጃ ይወጣል።

ለምን እንዲህ እንደምሟገት ይገባችሁ ዘንድ አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። ባለቤታቸው ያረፉባቸው አንዲት እናት ነበሩ። ሟቹ በወጣትነታቸው ፎርሙላ ጁኒየር በሚባለው የውድድር ክፍል የሚወዳደሩበት የ1962 ሎተስ 22 ጋራዥ ውስጥ ቆሞ ቀረ። እናቲቱ ስለ መኪና አያውቁም። አንድ ነጋዴ መመሪያውን ይዞ መጣ። ገጹን ገልጦ አሳያቸው፤ «ጥሩ» በሚለው ሥር ያለውን ዋጋ ሳያጓድል ከፈላቸው። ጥግ ላይ የነበረውን ካርቶንም አብሮ ይሂድ ብሎ ጫነው። እሳቸውም አመስግነው ሸኙት። መኪናው ለአዲስ ባለቤት ተሸጦ እኛ ጋ ሲመጣ ካርቶኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ከፋብሪካው የተገዛበት የመጀመሪያ ደረሰኝ ነበረበት። የውድድር ፕሮግራሞች ነበሩ፤ የመኪናው ቁጥር በእርሳስ ተከቦ። ሞተሩ መቼ እንደተፈታ፣ ምን እንደተቀየረ በእጅ የተጻፈበት ደብተር ነበር። ፎቶዎችም ነበሩ፤ ከመጀመሪያው ባለቤት እጅ ወጥቶ እንደማያውቅ የሚያሳዩ። ፎርሙላ ጁኒየር ዛሬም በታሪካዊ ውድድሮች ላይ በብዛት የሚሮጥ ክፍል ነው፤ እንዲህ ያለ ሙሉ ወረቀት ያለው መኪና ሁሉም ይፈልገዋል። አዲሱ ባለቤት ለነጋዴው የከፈለው እናቲቱ ከተቀበሉት ከእጥፍ በላይ ነበር።

ነጋዴው ሕግ አልጣሰም። የመጽሐፉን ዋጋ ከፍሏል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። እሱ ካርቶኑ ምን እንደሚያወጣ ያውቅ ነበር፤ መጽሐፉ ላይ ግን ስለ ካርቶን አንድ ቃል የለም። መመሪያ የሚያስፈልገው ለማያውቀው ሰው ነው። በውድድር መኪና ገጽ ላይ ግን የሚጠቀምበት የሚያውቀው ሰው ሆኗል።

መኪናው የት የት መግባት ይችላል የሚለውም ዋጋ ነው። ሚሌ ሚልያ በሚባለው የጣሊያን የድሮ መኪኖች ውድድር ላይ ለመሰለፍ ሞዴሉ ከ1927 እስከ 1957 በነበረው ውድድር የተካፈለ መሆን አለበት። ሁለት የሚመሳሰሉ የ1950ዎቹ መኪኖች ውሰዱ፤ አንዱ ይገባል፣ አንዱ አይገባም፤ የዋጋው ልዩነት ሰማይና ምድር ነው። የሞናኮ፣ የጉድውድና የ«ለ ማን ክላሲክ» ታሪካዊ ውድድሮችም እንዲሁ የየራሳቸው መስፈርት አላቸው። የዓለም አቀፉ የመኪና ስፖርት ማኅበር፣ ኤፍአይኤ፣ የሚሰጠው የቴክኒክ ፓስፖርትም ጊዜ ገደብ አለው። ካለፈበት ማሳደሻው ጣጣ ነው። ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው፤ ሠንጠረዡ ውስጥ ግን የለም።

ገበያው ሲወርድ ደግሞ መመሪያው ከሁሉ በኋላ ነው የሚሰማው። ኤንዞ ፌራሪ በኦገስት 1988 ሲሞት ዋጋ አበደ። በ1989 ጂቲኦ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። ከዚያ ገበያው ተሰበረ፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ ከዚያ ግማሹን እንኳ የሚከፍል አልነበረም። ዋጋ ሲወድቅ የመጀመሪያው ምልክት ርካሽ ሽያጭ አይደለም። ዝምታ ነው። ባለቤቶች መኪናቸውን ይዘው ይቀመጣሉ፤ ሽያጭ ይጠፋል። ሽያጭ ከሌለ እናንተ የምትቀይሩት ቁጥር የለም። ስለዚህ ገጻችሁ ላይ የአምናው ዋጋ እንደ ዘንድሮ ሆኖ ይቀመጣል። ሰው በእሱ ተበድሮ ይገዛል።

የጥቅም ጉዳይ ሳላነሳ አላልፍም። ሃገርቲ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በብዙ ሰው እጅ ያለ የዋጋ መመሪያ ያወጣል። ዋና ሥራው የድሮ መኪና ኢንሹራንስ ነው። በ2022 ደግሞ ብሮድ አሮው የተባለውን አጫራች ድርጅት ጠቅልሎ ገዝቷል። ይህ በይፋ የታወቀ ነው። ክፉ ሠርቷል እያልኩ አይደለም፤ እንዲያውም መረጃ በመሰብሰብ ረገድ ከብዙዎች ይሻላል። ነገር ግን ዋጋ የሚያወጣው፣ በዚያ ዋጋ ኢንሹራንስ የሚሸጠውና በኮሚሽን የሚያጫርተው በአንድ ጣሪያ ሥር ሲሆኑ፣ ይህ እያንዳንዱ የዋጋ ገጽ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት። ለአንድ ኩባንያ ብቻ አይደለም የምለው። ከነጋዴ ማስታወቂያ የምትቀበሉ መጽሔቶችም ያው ናችሁ።

የምጠይቃችሁ ከአቅማችሁ በላይ አይደለም፤ መረጃው እጃችሁ ላይ አለ። ከእያንዳንዱ የውድድር መኪና ዋጋ አጠገብ በስንት ሽያጭ ላይ እንደተመሠረተ ጻፉ። ሦስት ከሆነ ሦስት በሉ። የትኞቹ ሻንሲዎች እንደሆኑ፣ መቼ እንደተሸጡ፣ ኮሚሽን ያለበት ይሁን የሌለበት ግለጹ። ተጠርቶ ያልተሸጠውን ለብቻው አስቀምጡ። በአንድ ቁጥር ፈንታ ከዚህ እስከዚህ በሉ፤ ክልሉ ቢሰፋም ይስፋ፣ እውነቱ እሱ ነው። በቅርብ ዓመታት ምንም ሽያጭ ያልታየበትን ሞዴል ደግሞ ባዶ ተዉት። ባዶ ቦታ ያዩት ሰዎች ባለሙያ ይጠይቃሉ፤ ቁጥር ያዩት አይጠይቁም። በየገጹ አናት ላይም በትልቁ አንድ ማሳሰቢያ ይግባ፦ ወረቀቱን፣ ፎቶውን፣ ደብተሩንና የተፈታውን ሞተር ሳታሳዩ አትሽጡ። ያቺ አንዲት መስመር ብትኖር እናቲቱ ካርቶኑን አይሰጡም ነበር።

ለወገኖቼም፦ መጽሐፉ ላይ ያለውን ቁጥር የምትገዙት መኪና ዋጋ ነው ብላችሁ አትያዙት። የሻንሲ ቁጥሩን ፎቶ አንሱ። በዚያ ቁጥር ሌላ መኪና ተመዝግቦ እንደሆነ የሞዴሉን ክለብ ጠይቁ፤ አብዛኞቹ ክለቦች መዝገብ አላቸው፣ ደግሞም ደስ ብሏቸው ይመልሳሉ። ከሻጩ የማይታወቅ፣ በራሳችሁ ገንዘብ የተቀጠረ መርማሪ ላኩ። ክፍያው ያማል፤ ግን ከመኪናው ዋጋ አንጻር ትንሽ ነው። «ርካሽ ነው፣ ሌላ ሰው ይወስድብሃል» የሚል ደላላ ካስቸኮላችሁ ተዉት ይውሰደው።

እናንተ አዘጋጆች በሚቀጥለው እትማችሁ ከአንድ ገጽ ብትጀምሩ ይበቃኛል። ፎርሙላ ጁኒየርን ውሰዱ፤ በብዛት ይሸጣል፣ መዝገቡም በደንብ የተያዘ ነው። የሽያጩን ብዛት፣ ቀኑንና ኮሚሽኑን ጨምራችሁ አውጡት። የጎደለ የሻንሲ መረጃ ካለ ጋራዣችን ያለውን ሰነድ፣ ባለቤቶቹ እስከፈቀዱ ድረስ፣ ያለክፍያ ለመስጠት ዝግጁ ነኝ። መልሳችሁን እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የድሮ ውድድር መኪና የሚያድስ መካኒክ፣ እንግሊዝ

ግልባጭ፦
ለድሮ መኪና ኢንሹራንስ ሰጪዎች
ለአጫራች ቤቶች
በውጭ አገር ለምትኖሩ የመኪና አፍቃሪ ወገኖቼ